አጥሩ ሥር የነበሩት ጭራሮዎች

የበደለችኝ ሴት ጽጌ ትባላለች። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ባለፈው ዓመት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ። ስሟን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ወደ ኋላ ላይ ስለ ራሴም የምናገረው ስላለ ነው። ያን ስታነቡ ጽጌን እንዳትረሷት እፈልጋለሁ።

አስፐን ሂል አጠገብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ትርፍ መሬቱን በመደብ በመደብ ከፍሎ ለሰፈሩ ሰው ይሰጣል። ሐበሻውም፣ ኤልሳልቫዶሩም፣ ቬትናሙም ይዘራበታል። ጽጌ የዚያ ጋርደን አስተባባሪ ናት። የምትኖረው ሮክቪል ነው። ማን ቧንቧ ሳይዘጋ ሄደ፣ የማን አረም ወደ መተላለፊያው ወጣ፣ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ሰው ስታስቀይም «ለእናንተው ብዬ ነው» ትላለች። እኔ በዚያን ጊዜ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰው አዛውንት በየቤቱ እየዞርኩ የማስታምምበትን ሥራ ትቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን እኖር ነበር። ጽጌን ድሮም አልወዳትም። እህቴ ከምንጃር የላከችልኝን የጤፍ ወንፊት ለአንድ ሳምንት ብላ ተውሳኝ፣ ሁለት ፋሲካ አልፎበታል።

ከእኔ መደብ ቀጥሎ ያለው የኡም ነቢል ነበር። የነቢል እናት ማለት ነው፤ እኛም አገር እናት በልጇ ስም እንደምትጠራው። የጋዛ ሰው ናት። በዕድሜ ብዙም አንበላለጥም። የምንግባባው በአረብኛ ነው፤ እኔ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ጅዳ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መጀመሪያ ያወራን ቀን አረብኛዬን ሰምታ ሳቀች። «አንቺ የምታውቂው እጠቢ፣ ጥረጊ፣ አምጪ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ያስተማሩኝ ያንን ብቻ ነው» አልኳት።

ሳቋን አቆመች። በማግስቱ በእኔ መደብ ጠርዝ ላይ አምስት ዱባ ተደርድሮ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ እኔ ቃሪያ ስሰጣት እሷ ዱባ እየሰጠችኝ ሦስት ክረምት ጎን ለጎን ዘራን። ጓደኛሞች ነበርን አልልም። እኔ ጓደኛ የለኝም። ጎረቤት ነበርን።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። መደቧን አታርምም። እኛ አገር ልት የምንለው፣ ክብ ቅጠል ያለው አረም መደቧን ሞልቶት ዘሩ ወደ እኔ ይሻገራል። በሐምሌ አንድ ቀን፣ «ይህን ነገር ለምን አትነቅዪውም?» አልኳት።

«ኹቤዛ ነው» አለችኝ። «የወንድሜ ሚስት እዚያ ከመንገድ ዳር ይህን እየለቀመች ነው ለልጆቹ የምትቀቅለው። ሌላ ነገር ጠፍቷል። እሷ የምትፈልገውን እኔ እዚህ ነቅዬ ልጣለው?»

ወደ ቃሪያዬ ተመለስኩ። ይህን ንግግራችንን ልብ በሉት። እኔም ረስቼው አልነበረም።

ወደ ሐሙሱ ልምጣ። ቲማቲሜን እየነቀልኩ ሳለ ጽጌ በመተላለፊያው መጣች።

«እትዬ በላይነሽ፣ ሰሙ? የጎረቤትዎ የዐረቧ ወንድም ተገደለ። እዚያው ጋዛ።»

«መቼ?»

«ትናንት ነው የተረዳችው። እዚሁ አሌክሳንድርያ፣ ልጇ ቤት ለቅሶ ተቀምጣለች። እኔን የጨነቀኝ መደቡ ነው። ቅዳሜ ኮሚቴው ኢንስፔክሽን አለው። ይህን ጫካ ካዩ ይወስዱባታል። ዌይቲንግ ሊስት ላይ ስንት ሰው አለ መሰልዎት!»

«እኔ አርምላታለሁ።»

«እኔም እሱን ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ምኑን ልተው? የምትፈልገው ነገር ይኖራል።»

ጽጌ ስልኳን ነካካች። «ኮል አድርጌላት ነበር» አለች። «ከዱባው በቀር ሁሉንም አንሱልኝ ብላለች።»

ጽጌ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው። ብትክደኝም ያለችው ይህን ነው።

የኡም ነቢል ስልክ እኔም ጋ ነበር። አልደወልኩም። ባደግኩበት ምንጃር፣ ለቅሶ ለተቀመጠ ሰው ስለ አረም አይወራም። ጎረቤት ራሱ ተነሥቶ ማሳውን ያርምለታል፣ የደረሰ ካለው ያጭድለታል፤ ሐዘንተኛው ሐዘኑን ጨርሶ ሲወጣ ሥራው አልቆ ያገኘዋል። አይጠየቅም፣ አይመሰገንም። አባቴ ሲሞት የእኛን ጤፍ ያረመልን በኋላ እንኳን ስሙን ያልነገረን ሰው ነው። ለኡም ነቢል ያንን የማደርግላት መስሎኝ ነበር። ለማንም ምንም ሳላደርግ ስንት ዓመት እንደኖርኩ አስቤ፣ ደስ ብሎኝም ነበር። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደስ ብሎኛል።

ዓርብ ጠዋት በጉልበቴ ተንበርክኬ ጀመርኩ። ጤፍ አረምን አይችልም። ከልጅነቱ ጤፍ ሲያርም ያደገ ሰው ከሌላው ጋር አንድ አይደለም፤ መሬቱ እንደ ወለል እስኪሆን አይነሣም። ኹቤዛውን ከነሥሩ አወጣሁት። «ራሷ አንሱልኝ ብላለች» አልኩ ለራሴ። ዱባዎቹን አልነካሁም። በመጨረሻ አጥሩ ሥር ደረስኩ። እዚያ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ደረቅ ጭራሮዎች በአንድ መስመር ቆመዋል። ቅጠል የላቸውም። አሮጌ መጥረጊያ ነው የሚመስሉት። አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። ስነቅላቸው ተንኮሻኮሹና ከላያቸው ጠቆር ያለ ትቢያ በእጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። አራገፍኩት። ሰባት ትልልቅ የወረቀት ከረጢት ሞላሁ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ዞሮ አየ። ያ መደብ ከሁሉ የጸዳ ነው ተባለ። ጽጌ «ተረባርበን ነው» አለች።

እሑድ ዳቦ ይዤ በሜትሮ አሌክሳንድርያ ወረድኩ፤ ከጣቢያው በአውቶቡስ። በሩን የከፈተችልኝ የኡም ነቢል ልጅ ሪም ናት። ወንዶቹ ታች፣ ሴቶቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። ኡም ነቢል ብድግ ብላ አቀፈችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሪም ተምር ሰጠችኝ።

«ቅጠል ሊለቅም ወጥቶ ነው» አለችኝ ኡም ነቢል። አላለቀሰችም። «ዩሱፍ ነው ስሙ። ገበሬ ነው፤ እንደ አባታችን። የድሮ እርሻችን ዳር ኹቤዛ በቅሏል ብለውት ሄደ። አልተመለሰም።»

«እርሻው አሁን ማን እጅ ነው?»

«እርሻ የለም። በቡልዶዘር ገለበጡት። ወይራው የለም፣ ጉድጓዱ የለም። አፈሩም ስንት ነገር እንደወረደበት አላህ ያውቃል፤ ዛሬ ጦርነቱ ቢቆም ያበቅል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ዱቄት አንዳንዴ ያስገባሉ፣ የታሸገ ባቄላ ያስገባሉ። ዘር ግን? ሰው ራሱ ዘርቶ እንዲበላ ማን ይፈልጋል?»

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«በክረምት ሲደውልልኝ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እዚህ አንድ ፍሬ አልቀረም፤ የቀረው አንቺ ጋ ያለው ነው። ዘንድሮ አትብዪው፤ ይድረቅና ለቅመሽ አስቀምጪልኝ› አለኝ። አንድ ቅጠል አልቀነጠስኩም። አሁን ልጁ ደውላ፣ ‹አክስቴ፣ የአባቴን ዘር ላኪልኝ፣ ድንኳኑ ደጃፍ በጣሳ እዘራዋለሁ› አለችኝ። አጥሩ ሥር ቆሞልኛል። ማክሰኞ ሐዘኑ ሲያበቃ እመጣለሁ።»

«ምኑን?» አልኳት።

«ሙሉኽያውን ነዋ።»

ጅዳ ሳለሁ ሙሉኽያ ያላበሰልኩበት ሳምንት የለም። እንደ ተልባ የሚዝለገለግ አረንጓዴ ወጥ ነው። ከፍሪዘር አወጣዋለሁ፤ ተከትፎ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ጡብ መስሎ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሠራው ተክሉን በሥሩ ቆሞ አላየሁትም። ሲደርቅ አሮጌ መጥረጊያ እንደሚመስል፣ ዘሩም ጠቆር ያለ ትቢያ እንደሚመስል አላወቅኩም።

ተምሩ አፌ ውስጥ ነበር።

«ኢንስፔክሽን ነበር አሉ» አለች ኡም ነቢል። «መደቤን ምን አሉት?»

«ደህና ነው» አልኳት።

ደህና ነው! ይህችን ቃል ያስባለችኝ ጽጌ አይደለችም።

ሰኞ በማለዳ ሮክቪል ሄጄ የጽጌን ደወል ደወልኩ። ገና ፀጉሯን አልጠቀለለችም።

«እንዴ፣ እትዬ በላይነሽ! በዚህ ጠዋት? ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። ወንፊቴን ስጪኝ። ከረጢቶቹስ?»

«የቶቹ?»

«የነቀልኩት።»

«ቅዳሜውኑ ባለቤቴ ወስዶ ጣለው። እስካሁን ተፈጭቶ ይሆናል። ምነው?»

«ኮል አድርጌላት ነበር ያልሽኝ፣ መቼ ነው የደወልሽላት?»

የበሩን እጀታ ያዘች። «ሜሴጅ ነው የላክሁላት። አልመለሰችም። ለቅሶ ላይ ናት ብዬ እንደ እሺ ወሰድኩት። ለእሷው ብዬ ነው።»

«ከዱባው በቀር ሁሉንም አንሱ ያለችውስ?»

«ኧረ እትዬ! ከዱባው ሌላ ምን ነበረው? አረም ነዋ! ደግሞ እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ገበሬዋ እርስዎ ነዎት። ዘርና አረም መለየት እርስዎ ያቅትዎታል?»

ወንፊቴን ከጋራዥ አመጣችልኝ። የአበባ አፈር ተነፍቶበታል። ልትጠርገው ስትል ተቀበልኳትና ሄድኩ። ስድብ አጥቼ አላውቅም ነበር።

ከሮክቪል በቀጥታ ወደ ጋርደኑ ነው የሄድኩት። አጥሩ ሥር ጭራሮዎቹ የነበሩበትን መሬት በጣት ጥልቀት ገፈፍኩት። አፈሩን በወንፊት ነፋሁ፤ የቀረውን እዚያው በማስቀምጠው ሰፌድ አበጠርኩ። ነፋሱ እየተነሣ ሲያስቸግረኝ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ከጤፍ አፈር መለየት ከዚህ ይከብዳል፤ እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ጠዋት የጀመርኩትን ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ የቡና ሲኒ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተውኩት። ከሲኒው ውስጥ ያለው ግን የምን ዘር እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ጥቁር ነው። ሁሉም ትንሽ ነው።

ኡም ነቢል ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሪም ጋር መጣች። ጭራሮውን ጠቅልላ የምትወስድበት ነጭ አንሶላ ታቅፋለች። እኔ ከመደቧ ራስ ላይ ቆሜ ነበር። ጽጌም አበባ ይዛ ሐዘን ልትገልጽ መጥታለች። ኡም ነቢል መጀመሪያ ዱባዎቹን አየች። ቀጥላ ወደ አጥሩ አየች። ወደ እሱ ሄዳ ባዶውን አፈር በእጇ ነካችው።

ጽጌ ወደ ሪም ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «በጣም አዝናለሁ፤ እኔ አላዘዝኳትም፣ በራሷ ነው የነቀለችው። አርጅታለች፣ ይምታታባታል» አለቻት።

እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ሃያ ዓመት የሰው ሽማግሌ ያስታመምኩት በእንግሊዝኛ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት ኡም ነቢልን በአረብኛ። «ሁሉንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። እሑድ ደህና ነው ያልኩሽም ዋሽቼ ነው። አልደወልኩልሽም። ኹቤዛውንም የነገርሽኝን እያወቅኩ ነው የነቀልኩት።»

ጽጌ ምን እንዳልኩ አልገባትም። ዋሽታ ነው የነገረችኝ ብዬ ልጨምር አፌን ከፈትኩ። ኡም ነቢል ግን ጽጌን እያየቻት አልነበረም፤ የምታየው እኔን ነው። ዘጋሁት። ሲኒውን ሰጠኋት።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና አንሶላውን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ዘሩን አፈሰሰችው። በአንድ ጣቷ እየለየች ወደ ዳር ትገፋዋለች። «ይህ የእሾህ ነው… ይህ ሪጅላ ነው… ይህም ሪጅላ…» ሪጅላ እዚያው የሚበቅል መሬት ለመሬት የሚሄድ አረም ነው። ክምሩ እያለቀ ሄደ። ብዙ ቆየች። ሪም ቆማ ታለቅሳለች፤ እናቷ ግን ቀና አላለችም። በመጨረሻ ወደ ራሷ የለየችው ዘጠኝ ፍሬ ሆነ። ዘጠኙንም በጣቷ ተጭና አየቻቸው። ስድስቱ ባዶ ነበሩ፤ ተሰበሩ።

ሦስቱን በወረቀት ጠቀለለች። ከዚያ ተነሥታ ከአጥር እስከ አጥር ያጸዳሁትን መሬት ተመለከተች።

«አንድም ነገር አላስቀረሽም» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እነሱም እንዲህ ነው ያደረጉት።»

አንሶላዋን አጥፋ ይዛ ሄደች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነቡ በልባችሁ እየፈረዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግማሻችሁ ጽጌ ላይ ትፈርዳላችሁ፤ ፍረዱባት። አልደወለችም፣ ደውያለሁ አለች፣ በሰው ፊት ካደችኝ። ግማሻችሁ ደግሞ፣ «ሴትዮዋም ጨክናለች፤ በደግነት የተሠራን ሥራ ከቡልዶዘር ጋር ታመሳስላለች?» ትሉ ይሆናል። እኔም አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያ ብያለሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። ያን መሬት ሳጸዳ የምን ሰው መሬት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይልኝ ነበር የፈለግኩት። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት፣ ሃያ ዓመት በሌላ ሰው ቤት፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይህን ቂም ይዤ ኖሬያለሁ። ሰው መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ቀን ሲመጣ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

እስከዚያ ቀን ድረስ በደል ማለት በእኔ ላይ የሚደረግ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሦስቱ ፍሬዎች በግንቦት አሌክሳንድርያ ተዘሩ። አልበቀሉም። ሪም ናት ደውላ የነገረችኝ። እናቷ ስልኩን አልተቀበለችም።

እኔ ያን ማክሰኞ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ሁለት ባልዲ አፈር ዝቄ ወደ አፓርትመንቴ ወስጄ ነበር። ሙቀት ሲመጣ ባልኮኒዬ ላይ በሳህን አሰጣሁት። የበቀለውን ሁሉ ተውኩት። ሪጅላው በቀለ፣ እሾሁ በቀለ፣ ኹቤዛው በቀለ። አፓርትመንቱን የሚያከራየው ሊዚንግ ኦፊስ «ባልኮኒዎ ላይ አረም አለ» የሚል ወረቀት በሬ ላይ ለጠፈ። አነሣሁትና ተውኩት። ሁለተኛም ለጠፉ። በነሐሴ ለሪም ደውዬ፣ እናትሽ መጥታ ትየው አልኳት። አትመጣም ብዬ ነበር። መጣች።

ጫማዋን አውልቃ ባልኮኒው ላይ ተንበረከከች። «ይህ አይደለም» አለች። «ይህም አይደለም። ይህም አይደለም።» ከሁለተኛው ሳህን ጠርዝ ላይ፣ ከኹቤዛው ሥር፣ አንዲት ቀጭን ግንድ አገኘች። ቅጠሏን በሁለት ጣት ይዛ ቆየች። ይህች ናት አላለችኝም። «ውሃ አታብዢባት» ብቻ አለችኝ።

በጥቅምት መጥታ ዘሯን ለቀመች። አንድ የቅመም ብልቃጥ ሩቡን ሞላ። ወደ ጋዛ የሚያስገባው አልተገኘም። ብልቃጡ አሌክሳንድርያ፣ ሪም ፍሪጅ ውስጥ ነው። የዩሱፍ ልጅ አሁንም ትጠይቃለች አሉ።

ጋርደኑ ውስጥ የነበረኝን መደብ ለቀቅኩ። ስሜን ከዝርዝሩ የሠረዝኩት ራሴ ነኝ። ሳህኖቹ ባልኮኒዬ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ ምንም አልነቅልም። ወንፊቴ እኔ ጋ ነው። ጽጌን ሰላም አልላትም።